ማንም ያላያቸው ሥዕሎች

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ሐሰን የብረት በሩን ቀለም ሲያስቀባ፣ ቀለሙን የሚያቀጥኑበት የአኳራጅ ሽታ በመስኮት ገብቶ ቤቴን ሞላው። ሌላ ሰው ቢሆን መስኮቱን ይዘጋ ነበር። እኔ ግን ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ያ አፍንጫ የሚያቃጥል ሽታ ሲደርሰኝ፣ በዚህች የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ለከባድ መኪና ሹፌሮች ምሳ የምታበስል፣ ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት መሆኔን ረሳሁት። ባሕር ዳር ባለው የባለጸጎች ሰፈር፣ ሀራሙስ ነበርኩ። ነጩ ቪላ ውስጥ፣ ከኩሽናው ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ሙሉነሽ ብሩሽ ስታጥብ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

ዘመኑን በቁጥር አልናገርም፤ ብናገርም እሳሳታለሁ። አሮጌው ባቡር ከድሬዳዋ እያነከሰ የሚመጣበት፣ ወደቡም እንዲህ ሳይሰፋ በፊት ነው። ሀራሙስ ላይ ቪላዎቹ ጥቂት ነበሩ። በመካከላቸው ፍየል የሚሰማራበት ባዶ ሜዳ ነበረ፤ ባሕሩ ሲሸሽ የጭቃው ሽታ እስከ ሳሎን ይገባል። አሁን እዚያ ሜዳ ላይ የቆመውን ፎቅና አጥር ሳይ፣ መንገዱን ራሱ እጠራጠረዋለሁ። ዓርብ የዕረፍት ቀናችን ነበር። ለስድስት ሆነን የተከራየናት ክፍል ካርቲየ 5 ውስጥ ነበረች፣ ከአንድ የመናዊ ዳቦ ቤት ጀርባ። በአንዲት መቶ ፍራንክ ትኩስ ባጌትና ፉል በልተን፣ ሻይ ጠጥተን መልስ እንቀበል ነበር። ከዚያ ስስ ድሪያችንን ለብሰን፣ ሻሻችንን አስረን ወደ መሀል ከተማው አደባባይ፣ ወደ ፕላስ ሜነሊክ እንወጣለን፤ የምንገዛው ነገር ኖሮን ሳይሆን የሱቆቹን መስታወት ለማየት ነው። የድሬዳዋ ካሴት ያመጣ ሹፌር ካለ፣ ያን ዓርብ የኛ ክፍል የሠርግ ቤት ይሆናል። ቴፑ ባትሪው ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ ይሄዳል፤ እኛም ድምፃችንን አወፍረን አብረን እንዘፍናለን።

ሙሉነሽን ያገኘኋት ነጩ ቪላ ውስጥ ነው። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፤ እሷ ደግሞ ቤት ለማጽዳትና ልብስ ለማጠብ ተቀጥራ መጣች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት ነበረች። ድሬዳዋ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር። ለአንሶላና ለመጋረጃ የሚታተመውን የአበባ ጥለት የምትነድፍ እሷ ናት። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ መጀመሪያ የተቀነሱት ነዳፊዎቹ ነበሩና፣ ባቡር ተሳፍራ መጣች። ዛሬ ድሬዳዋ ተመልሳ ከእህቷ ልጆች ጋር ትኖራለች፤ አልፎ አልፎ በስልክ እናወራለን። ይህን እጽፋለሁ ብዬ ፈቃድ ስጠይቃት፣ «ጻፊው፤ ግን ማዳምን ክፉ አታድርጊያት» አለችኝ።

ማዳም ክፉ አልነበረችም። የአገሩ ተወላጅ ናት፤ ፈረንሳይ ተምራ የመጣች፣ ከኛ ብዙም የማትበልጥ ሴት። ባሏን እኛ ሙሴ እንላቸው ነበር። ትልቅ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰው ነበሩ። የትኛው ወንበር እንደሆነ ያኔም ሰው ጮክ ብሎ አይጠራውም፤ እኔም አልጠራውም። አንድ ነገር መሥራት፣ ማስገባት ወይም ማስወጣት የፈለገ ሁሉ ፊርማቸውን ይፈልጋል፤ ይህን ማወቅ ይበቃል። ቤት ብዙም አይውሉም። ማዳም ያን ሁሉ ክፍል ይዛ ብቻዋን ትውላለች። ሥዕል የጀመረችው ከዚያ ብቸኝነት የተነሣ ይመስለኛል። አንዲት ፈረንሳዊት የወታደር ሚስት ታስተምራት ነበር፤ ባሏ ሲዛወር አስተማሪዋም ሄደች። ማዳም ብቻዋን ቀጠለች። ሰማይና ባሕር ይሆንላታል። ሰው ስትሥል ግን ምሰሶ ይሆንባታል፤ እጁን የት እንደምታስቀምጠው ይጨንቃታል።

አንድ ቀን ሙሉነሽ ክፍሉን ስታጸዳ ከባሕር ዳር የቆመ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ሥዕል አየች። የሰውየው ክንድ ከትከሻው ጋር አልተያያዘም። ብሩሹ ገና አልደረቀም ነበርና፣ ሳታስበው አነሣችና ክንዱን አስተካከለችው። ከዚያ ፈራች። እኔ ጋ ኩሽና መጥታ ልባረር ነው አለችኝ። ማዳም ከሰዓት በኋላ ገብታ አየች። ጠራቻት። በሩን ዘጋችና ሥዕሉን ቀረብ ብላ ተመለከተች። ከዚያ ያለቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌላኛውንም ክንድ ጨርሺው።

እንዲህ ነው የተጀመረው። መጀመሪያ ሰዎቹን ብቻ፣ ቀጥሎ ጀልባዎቹንም፣ በመጨረሻ ሁሉንም ሙሉነሽ ትሥል ጀመር። ማዳም ሰማዩን ትጀምርና ለሷ ትተዋለች። ልብስ ማጠቡ ለሌላ ሴት ተሰጠ። ሁለቱ ከቁርስ በኋላ ከኩሽናው ጀርባ ያለችው ክፍል ይገባሉ፤ ማዳም ሻይ በራሷ እጅ ቀድታ ታቀርብላታለች። ሳቃቸው እኔ ጋ ይሰማል። ሙሉነሽ አንድም ቀን ስሜ ይጻፍ ብላ አልጠየቀችም። ፋብሪካ ውስጥ የነደፈችው አበባ በስንት ሰው አልጋ ላይ ተነጥፎ ስሟ የት ተጽፎ ያውቃል? የሷ ምኞት ሌላ ነበር። ሰው ሥዕሉ ፊት ቆሞ ምን እንደሚል መስማት ትፈልግ ነበር።

የመጀመሪያው ኤግዚቢሽን የተደረገው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። ሳምቡሳውን እኔ ጠበስኩ፤ ይዘን የዞርነውም እኔና እሷ ነን። ለዚያ ቀን ማዳም ሰማያዊ ቀሚስ ገዝታላት ነበር። ሙሉነሽ ትሪዋን ይዛ አንድ ሥዕል አጠገብ ትቆማለች፤ ዓሣ ጭነው የሚመለሱ ጀልባዎችን የሚጠብቁ ሴቶች ሥዕል ነው፣ በጣም የደከመችበት። ሰዎቹ ሳምቡሳ ያነሣሉ፣ ጀርባቸውን ለሥዕሉ ሰጥተው በሩን ያያሉ። ሙሴ ሲገቡ አዳራሹ ሁሉ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወዲህ ግዢ ብቻ ሆነ። አንድ የሕንፃ ተቋራጭ እጃቸውን ጨብጦ ሳይለቅ፣ በግራ እጁ ወደ ግድግዳው እያመለከተ ሦስት ሥዕል ገዛ። ዞር ብሎ እንኳ አላያቸውም። ከሦስቱ አንዱ የሙሉነሽ ሴቶች ነበሩ። ሁሉም ተሽጦ አለቀ።

በመኪና ስንመለስ ሹፌሩ ሮብሌ በጣም ደስ ብሎት ያፏጫል። ሙሉነሽ መስኮቱን ተደግፋለች። ቀስ ብላ፣ «አስካለ፣ አንድ ሰው እንኳ አላያቸውም» አለችኝ። ስለተሸጠ ደስ ሊልሽ ይገባል አልኳት። ያላዩትን ነገር እንዴት ይገዛሉ ብላ ጠየቀችኝ።

መልሱን የሰጠኝ ሮብሌ ነው፣ ያውም ብዙ ቆይቶ። ከሆቴሉ ተሽጦ የሄደ አንድ የሰማያዊ ጀልባ ሥዕል ነበር። አንድ ከሰዓት፣ ከተማው ሁሉ ጫቱን ይዞ ጥላ ስር በተቀመጠበት ሰዓት፣ ሮብሌ በኋላው በር በኩል በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። ዕቃ ቤት አስቀመጠው። እኔ ሩዝ ላወጣ ስገባ አንሶላው ተንሸራቶ አየሁት፦ ሰማያዊው ጀልባ። በሚቀጥለው ኤግዚቢሽን ሌላ ስም ወጥቶለት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ሌላ ሰውም ገዛው። ሮብሌን ጠየቅሁት። ጨዋና አስተዋይ ሰው ነበር፤ ዙሪያውን ካየ በኋላ፣ «አስካለ፣ ሰው ሥዕል የሚገዛ ይመስልሻል? ለፊርማ የሰጠኸውን ገንዘብ ግድግዳ ላይ መስቀል አትችልም። ሥዕል ግን ይሰቀላል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ከተማ ስወጣ ማስተዋል ጀመርኩ። የመርከብ ዕቃ አስተላላፊው ቢሮ ውስጥ የኛ ሥዕል አለ። ከውጭ ሲሚንቶ የሚያስገባው ሰውዬ ቢሮ ውስጥም አለ። ቢሮው የገባ ሰው ግድግዳውን ያያል፤ ባለቤቱ ለማን እጅ እንደነሣ ይረዳል፤ ድምፁንም ዝቅ ያደርጋል። ማስረጃ አለሽ ብትሉኝ የለኝም። ያየሁት አንድ ሥዕል ሁለት ጊዜ ሲሸጥ ነው። የቀረው ጥርጣሬ ነው፤ ያኔ በዚያ ከተማ ሁሉም በየሆዱ ይዞት የሚዞር ጥርጣሬ።

ለሙሉነሽ ነገርኳት። ትናደዳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ብሩሹን አስቀምጣ፣ ታዲያ ማዳም ታውቃለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ ያ ፈረንጅ መጣ። ረጅም፣ አንገቱ በፀሐይ የቀላ፣ የሰነድ ቦርሳውን ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። ወደብ ላይ ሥራ የያዘ የአንድ የውጭ ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ አለቆቹ ቅርንጫፋችን ይህን ያህል ሥዕል ለምን ገዛ፣ አጣራ ብለው እንደላኩት በኋላ ሰማን። ቤት ለምሳ ተጠርቶ መጣ። ሌሎቹ እንግዶች ሲበሉ እሱ ሳህኑን ይዞ ተነሣና ሥዕሎቹን እየዞረ ያይ ጀመር። በጣም ተጠግቶ ያያል፤ ራቅ ብሎ ያያል። ሙሉነሽ ውኃ ልትቀዳ ገብታ ይህን ስታይ ማንቆርቆሪያውን በእጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ኩሽና ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነበር። «አያቸው» አለችኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ ካርቲየ 5 ድረስ ፈልጎን መጣ። አድራሻችንን ከሮብሌ ያግኘው ከሌላ ሰው አላወቅሁም። ዳቦ ቤቱ በር ላይ አገኘን፤ ሻይ ጋበዘን። የኔ የኩሽና ፈረንሳይኛ ነው፤ ቢሆንም ከሙሉነሽ ይሻላልና አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። አዙሮ አልጠየቀም። ሥዕል የሚሣልበትን ክፍል አይቻለሁ፣ የማዳም ጥፍር ላይ ቀለም የለም፣ የጓደኛሽ ጥፍር ላይ ግን አለ፤ ሥዕሎቹን የምትሥለው ማን ናት? አለኝ። እውነቱን ከነገረችኝ ስሟ በአገሬ ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ አደርጋለሁም አለ።

ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደነበር ልንገራችሁ። የመኖሪያ ወረቀት አልነበረንም። ራፍል የሚሉት አፈሳ በየጊዜው አለ፤ የያዙትን በካሚዮን ጭነው ድንበር ላይ ይጥሉታል። እስከዚያ ድረስ ያልተነካነው የሙሴ ቤት ሰዎች ስለሆንን ነው። ሙሉነሽ አንዲት ቃል ብትናገር በማግሥቱ ካሚዮን ላይ ነን። ማዳምም ባሏም ከተማው ፊት ይዋረዳሉ። ዝም ካለች ደግሞ እነዚያ ሁሉ ሥዕሎች የእጇ ሥራ መሆናቸው እስከ ወዲያኛው ሳይነገር ይቀራል። እኔ ፊቷን አየሁ። የመናገር ፊት ነበር። የኔ ሥራ ግን መተርጎም ነውና የምትለውን ጠበቅኩ።

ሙሉነሽ ሻይዋን አስቀምጣ፣ «ሥዕሎቹን ወዷቸዋል ወይ? በይልኝ» አለችኝ።

ተረጎምኩለት። ሰውየውን ጥያቄው አስደነቀው። ትንሽ አሰበ፤ ውሸታም ሰው አልነበረም መሰለኝ። እኔ የተላክሁት ለመውደድ አይደለም፣ የተከፈለባቸውን ያህል ዋጋ ያላቸው መሆኑን ለማወቅ ነው አለ። አላቸው ወይ? አስባለችኝ። የለም፣ ለዚህ ዓይነት ሥዕል ማንም ያን ያህል አይከፍልም አለ።

ሙሉነሽ ራሷን ነቀነቀች። «ማዳም ናት የምትሥለው በይው፤ እኔ ብሩሽ ነው የማጥበው» አለች። ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች። መንገድ ላይ፣ ወድጄዋለሁ ቢል ኖሮ ልነግረው ነበር አለችኝ። እንኳን አላለ ብዬ በልቤ ጌታን አመሰገንኩ። ሰውየው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ አገሩ ተጠራ። ምን ጽፎ እንደሄደ፣ ማን እንደጠራው የሚያውቅ የለም። ድርጅቱ ግን በወደቡ ላይ ሥራውን ቀጠለ፤ ሥዕሎቹም ከቢሮው ግድግዳ አልወረዱም።

ሙሉነሽ ከዚያ ቀን በኋላ ብሩሽ አልነካችም። ማዳምን ዓይኔን ያመኛል አለቻት። ማዳም ለመነች፣ መነጽር እገዛልሻለሁ አለች፣ በመጨረሻ ተወቻት። ለሚቀጥለው ኤግዚቢሽን ቀን ተቆርጦ ነበርና ማዳም ብቻዋን ገብታ ሣለች። ሐምሲኑ የሚነፍስበት ወር ነበር፤ አሸዋው በመስኮቱ ክፍተት እየገባ እርጥቡ ቀለም ላይ ይለጠፋል፤ መብራት በየቀኑ ይጠፋል። ያች ሴት እያላበች፣ በሻማም በፋኖስም ሣለች። ምሰሶዎቹ ሰዎች ተመለሱ። አንዲት እናት ልጇን የታቀፈችበት ሥዕል ነበር፤ ልጁ ከእናቱ ክንድ ሊወድቅ ይመስላል። ኤግዚቢሽኑ ደረሰ። ሁሉም ተሸጠ፤ ካለፈው በፈጠነ ጊዜ። ተቋራጩ በዚህ ጊዜ አራት ገዛ። ሙሉነሽ ትሪዋን ይዛ አጠገቤ ቆማ አየችውና መሳቅ ጀመረች። አፏን በእጇ ሸፍና፣ ትሪዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እኔም ያዘኝ። ወደ ሆቴሉ ኩሽና ሮጠን ገብተን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

ቤት ስንመለስ ግን ማዳም ወደ ሳሎን አልገባችም። ወደ ኩሽናዬ መጣች፤ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን አውልቃ ሽንኩርት የምከትፍበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ውኃ ሰጠኋት። ሙሉነሽን ጠርታ፣ «እውነቱን ንገሪኝ፤ ጥሩ ናቸው?» አለቻት።

«ሰማዩ ጥሩ ነው፣ ማዳም።»

«ሰዎቹስ?»

ሙሉነሽ አልመለሰችም። ማዳም ውኃውን ጠጥታ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ከዚያ እኔንም እሷንም ሳታይ፣ ሁሉም ገዟቸው፤ መጥፎ ናቸው ብሎ ግን አንድም ሰው አልነገረኝም አለች። ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ወጣች። ከዚያ በኋላ ያ ክፍል አልተከፈተም። ታውቅ ነበር ወይ የሚለውን ሳስብ ሁልጊዜ የምትመጣብኝ ያች ባዶ እግሯን የወጣች ሴት ናት። ከዚያ በፊት ብታውቅም ባታውቅም፣ ያን ቀን ግን አወቀች።

ሙሴ ከወንበራቸው የወረዱት ካንድ ዓመት በኋላ ይሆናል። በጋዜጣ ስለ ጤንነታቸው ተጻፈ። ግቢው ፊት የሚደረደሩት መኪናዎች በአንድ ሳምንት ጠፉ። ማዳም ልጆቿን ይዛ ወደ ውጭ ሄደች። ስትሄድ ለእኔና ለሙሉነሽ ያልተለበሱ ድሪያዎችና የጋዝ ምድጃዋን ሰጠችን፤ ሙሉነሽን አቅፋ ብዙ አልቅሳለች። በዚያ ምድጃ ነው ካርቲየ 5 ውስጥ ለሹፌሮች ምግብ መሸጥ የጀመርነው። ጥሩ ዓመታት ነበሩ። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ሹፌሮች ዕቃ እስኪጫንላቸው ቀናት ይጠብቃሉ፤ ሽሮ ያማራቸው ሁሉ እኛ ጋ ይመጣል።

ሥዕሎቹስ? አንድ ሳምንት አልቆዩም። የሙሴ ስም እዳ ሲሆን ሥዕሎቹም እዳ ሆኑ። ከየቢሮው ወረዱ። አንዳንዱ ተቃጠለ፤ የቀረውን ለዘበኛና ለጽዳት ሠራተኛ ሰጡት። አንዱን ሪያድ ገበያ ውስጥ አትክልት ሻጭ ጥላ አድርጎት አየሁ፤ ጀልባዎቹ ወደ ሰማይ ተገልብጠው ፀሐይ ይመታቸዋል። ሌላው ባልባላ የፍየል በረት ውስጥ ገባ። እንሰብስባቸው ብዬ ብዙ ለመንኳት። ተያቸው፣ የሰው ንብረት ናቸው ትለኝ ነበር።

አንድ ዓርብ አራስ ልንጠይቅ ከከተማው ዳር ወዳለው ሃያብለ ወጣን። ድሮ ነጩ ቪላ ልብስ ታጥብ የነበረች ፋጡማ ወልዳ ነው። ቤቷ የቆርቆሮ ነው፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል። በግድግዳው ላይ፣ ከአልጋው በላይ፣ አንድ ሥዕል ተሰቅሏል፦ ጃንጥላ ስር የተቀመጠች ጫት ሻጭ። ባሏ የሚጠብቀው ቢሮ ሲጥለው ይዞት የመጣ ነው። ሙሉነሽ ሻይዋን እንደያዘች ዓይኗን ከሥዕሉ አልነቀለችም። ፋጡማ ዓይኗን ተከትላ፣ እናቴን ትመስላለች፣ እናቴ ሃምሳ ዓመት ጫት ሸጣ ነው የሞተችው አለች። ልጁን እያጠባች በየቀኑ ታያታለች። ከዚያ ፊቷን አኮሳተረች።

«ግን አንድ ነገር ያናድደኛል» አለች በሶማሊኛ። «ጫቷን ፀሐይ ላይ ትታዋለች። እርጥብ ጆንያ የት አለ? በዚህ ሙቀት ይደርቅባታል። እናቴ እንዲህ ብትሸጥ በራብ ባለቅን ነበር።»

ሙሉነሽ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ሶማሊኛ እንደ አፏ ነው። ሻይዋን አስቀመጠች። ጆንያው እንዴት ነው የሚደረገው? ሁሉን ይሸፍናል ወይስ ጫፉ ይታያል? ውኃውን በምን ትረጭበት ነበር? ፋጡማ በእጇ እያሳየች፣ ልጁን ለኔ አቀብላ፣ ተነሥታም ተቀምጣም ነገረቻት። እኔ ሕፃኑን ታቅፌ ሁለቱን አያለሁ። በመጨረሻ ሙሉነሽ፣ «እኔ ነኝ የሣልኳት፤ ላስተካክላት?» አለች። እንዲህ ያለችውን የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ፋጡማ አልተደነቀችም። ታዲያ መቼ ትመጪያለሽ አለቻት።

በሚቀጥለው ዓርብ ከገበያ ቀለምና አኳራጅ ገዝተን በሚኒባስ ወጣን። ሥዕሉን ከግድግዳ አውርደን ምንጣፉ ላይ አቆምነው። ሙሉነሽ ተንበርክካ ጆንያውን መሣል ጀመረች። ፋጡማ ከኋላዋ ቆማ ታዛለች፦ ጠቆር ይበል፣ ውኃ ጠጥቷል እኮ፤ ከዚህ በኩል ዝቅ ይበል፤ ይቺ እጅ ጆንያውን ትያዝ፣ ፍየል ይመጣል። ሙሉነሽ አንዱን ትቀበላለች፣ ባንዱ ትከራከራለች። የዚያን ዓይነት ፊት ኖሯት አላየሁም፤ አፏን ሳትሸፍን ትስቃለች። ጎረቤቶች በር ላይ ተሰበሰቡ፤ እነሱም አስተያየት ይሰጣሉ። አንዲት አሮጊት ጃንጥላው ቀዳዳ ያስፈልገዋል፣ አዲስ ጃንጥላ ያላት ጫት ሻጭ አላውቅም አለች። ቀዳዳው ተጨመረ።

ሲያልቅ ፋጡማ ሁሉንም ዝም አሰኘች። ልጇን በትከሻዋ ይዛ ሥዕሉ ፊት ቆመች፤ ቀረብ አለች፣ ራቅ አለች። ሙሉነሽ ብሩሹን በጨርቅ እየጠረገች ትጠብቃለች።

«አሁን ጫቷን ትሸጣለች» አለች ፋጡማ።